ቤን ሆጋን፦ የጉድለትን ምንጭ የፈለገ ሰው

በእጅ የሚሠራ ሥራ ሁሉ የራሱ ጉድለት አለው። ጉድለቱ በተደጋገመ ቍጥር ልማድ ይሆናል፤ ልማዱም ሲሰነብት የሠሪው ተፈጥሮ መስሎ ይታያል። ከዚያ በኋላ ጉድለትን ማረም ራስን እንደ መካድ ስለሚቈጠር፣ ብዙ ሰው ከነጉድለቱ መኖርን ይመርጣል። ጥቂቶች ግን የገዛ ልማዳቸውን እንደ ባዕድ ዕቃ ከፊታቸው አስቀምጠው፣ ክፍል በክፍል ፈታተው፣ የሚበጀውን ከማይበጀው ለይተው እንደገና የሚገጣጥሙ አሉ። በዚህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪኩን የምናወሳው አሜሪካዊው የጎልፍ ተጫዋች ቤን ሆጋን ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነበር።

የአንድ የጎልፍ ተጫዋች ታሪክ በመሐንዲሶች መጽሔት ውስጥ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ሆጋን ኮሌጅ አልገባም፤ ቀመርም አላሰላም። ነገር ግን የገዛ አካሉን እንደ አንድ መሣሪያ ቈጥሮ ያጠናበት መንገድ፣ እኛ በሙያችን ልንከተለው የሚገባን፣ ዘወትር ግን የማንከተለው መንገድ ነው። በታሪኩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ጨዋታውን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ጎልፍ እንደ አገራችን የገና ጨዋታ በዱላና በኳስ የሚካሄድ ነው። ልዩነቱ በገና ሩሯን የሚሻማ ባላጋራ ሲኖር፣ በጎልፍ ግን ኳሷ ሣር ላይ ጸጥ ብላ መቺዋን መጠበቋ ነው። ተጫዋቹ ኳሷን እየመታ በየተራ 18 ቀዳዳዎች ውስጥ ያስገባል፤ በጥቂት ምት የጨረሰ አሸናፊ ይሆናል። የቀዳዳው ስፋት 108 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ወደ እርሱ የሚያደርሰው ርቀት ግን ከ500 ሜትር በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ኳሷ ከ46 ግራም ያነሰ ክብደት ያላት ስትሆን፣ የዱላው ራስና ኳሷ ተነካክተው የሚቈዩት የሴኮንድ ሁለት ሺኛ ያህል ነው። የሚያደናቅፍ ባላጋራ ስለሌለ፣ ኳሷ ከመንገዷ ስትወጣ ከመቺው በቀር የሚወቀስ የለም።

በዚያች ቅጽበት የኳሷን መንገድ በዋናነት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የዱላው ፊት ወዴት እንደ ዞረ ሲሆን፣ ሁለተኛው የዱላው ራስ ወዴት እየተጓዘ እንደሆነ ነው። ሁለቱ አቅጣጫዎች ከተስማሙ ኳሷ ቀጥ ብላ ትበራለች። ካልተስማሙ ግን ኳሷ የምትሽከረከርበት ዛቢያ ያዘነብላል፤ አየሩም ወዳዘነበለበት ወገን ይገፋታል። በቀኝ እጁ ለሚጫወት ሰው፣ የዱላው ፊት ከጕዞው አቅጣጫ ይልቅ ወደ ግራ ከዞረ ኳሷ ወደ ግራ ትታጠፋለች፤ ይህም ሁክ ይባላል። ወደ ቀኝ ከዞረ ደግሞ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች፤ ይህኛው ስላይስ ይባላል። ስላይስ የጀማሪዎች ሁሉ ሕመም ሲሆን፣ ሁክ ግን ብዙ ጊዜ የብርቱ መቺዎች ሕመም ነው። በሁክ የታጠፈች ኳስ ዝቅ ብላ ስለምትበርና መሬት ከነካች በኋላም ብዙ ስለምትንከባለል፣ ጉዳቷ ከፍተኛ ነው። የሆጋን የግማሽ ዕድሜ ትግል ከዚህች ኳስ ጋር ነበር።

ቤን ሆጋን በ1912 ነሐሴ ወር በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ግዛት ስቲቨንቪል በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ቼስተር ሆጋን አንጥረኛ ነበር። በ1922፣ ልጁ ገና 9 ዓመቱ ሳለ፣ አባትዬው በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። የቤተሰቡ ኑሮ ስለ ተናጋ ትንሹ ልጅ በፎርት ዎርዝ ከተማ በባቡር ጣቢያ ጋዜጣ መሸጥ ጀመረ። 11 ዓመት ሲሆነው ግሌን ጋርደን በተባለው የጎልፍ ሜዳ የተጫዋቾችን ዱላ መሸከም የተሻለ ገንዘብ እንደሚያስገኝ ሰምቶ ወደዚያ ሄደ። በዚያው ሜዳ ዱላ ይሸከም የነበረ ሌላ የእድሜ እኩያ ልጅ ነበረ፤ እርሱም ኋላ ከታላላቆቹ ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ባይረን ኔልሰን ነው። በ1927 በገና በዓል ሰሞን ለዱላ ተሸካሚዎች በተዘጋጀው ውድድር ሁለቱ ልጆች እኩል ወጥተው፣ በተጨማሪው ጨዋታ ኔልሰን አሸነፈ።

ሆጋን አጭርና ቀጭን ነበር። ትከሻ ሰፊ ከሆኑት ልጆች እኩል ኳስ ለማራቅ ያለ የሌለ ኃይሉን ማፍሰስ ነበረበት። ስለዚህ የግራ እጁን በዱላው እጀታ ላይ ወደ ቀኝ አዙሮ መያዝን ለመደ። እንዲህ የተያዘ ዱላ በምት ጊዜ ፊቱ ወደ ግራ ይዘጋል፤ ኳሷም ዝቅ ብላ በርራ ብዙ ትንከባለላለች። ለሕፃን ልጅ ይህ ታላቅ ጥቅም ነበር። ጉድለቱ የተወለደው ከስንፍና ሳይሆን፣ በጊዜው ትክክለኛ ከነበረ መፍትሔ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። ልጁ አድጎ ጕልበቱ ሲጨምር ግን ያው አያያዝ ኳሷን ከሜዳ ውጪ የሚጥል ሆነ።

በ1930፣ በ17 ዓመቱ፣ ጎልፍን መተዳደሪያው አደረገ። ዘመኑ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አሜሪካን የመታበት ዘመን ነበር። ሆጋን ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ይወዳደር ጀመር፤ ገንዘቡ እያለቀም በተደጋጋሚ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ተመለሰ። በ1935 ቫለሪ ፎክስን አገባ። እርሷም ያንን የድህነት ዘመን አብራው ያሳለፈችና እስከ ሕልፈቱ ያልተለየችው ጓደኛው ናት። በነዚያ ዓመታት አንድ ቀን ድንቅ ሆኖ ይውላል፤ በማግሥቱ ኳሷ ወደ ግራ ታጥፋ ትጠፋበታለች። ምቱ ያማረ በሚመስልበት ሰዓት እንኳ አይታመንም ነበር። አንዳንድ ጊዜ የሚሠራ፣ አንዳንድ ጊዜ የማይሠራ መሣሪያ ፈጽሞ ከማይሠራው ይልቅ አስቸጋሪ መሆኑን ከእኛ ከመሐንዲሶች የበለጠ የሚያውቅ የለም።

በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች ረዱት። የመጀመሪያው የሰው ደግነት ነው። ሄንሪ ፒካርድ የተባለው ታዋቂ ተጫዋች ተስፋ ቈርጦ ውድድሩን ሊተው ያሰበውን ሆጋንን፣ ገንዘብ ቢያልቅበት ራሱ እንደሚደግፈው ቃል ገባለት። ሆጋን ያንን ገንዘብ መቀበል አላስፈለገውም፤ ቃሉ ብቻ በቂ ሆነ። ቆየት ብሎም ፒካርድ የእጁን አያያዝ እንዲያስተካክል መክሮታል። ሆጋን በ1948 ያሳተመውን የመጀመሪያ መጽሐፉን መታሰቢያነቱን ለፒካርድ ማድረጉ ውለታውን አለመርሳቱን ያሳያል።

ሁለተኛው የሥራው ዘዴ ነው። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ባለሙያዎች ለልምምድ ብዙ ጊዜ አይሰጡም ነበር። ሆጋን ግን ውድድር ካበቃ በኋላ ሳይቀር ወደ ባዶ ሜዳ ሄዶ ለሰዓታት ይመታል፤ ዱላ ተሸካሚውም በሩቅ ቆሞ ኳሶቹን ይሰበስብለታል። ይህ መደጋገም ብቻ አልነበረም፤ አንድ ነገር ይለውጣል፣ ውጤቱን ያያል፣ የማይረባውን ይጥላል፣ የሚረባውን ያስቀራል። ብዙ ነገሮችን በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ጠቀመው የትኛውም እንደ ጐዳው ሊያውቅ እንደማይችል ተረድቶ ነበር። መምህሩ የኳሷ አበራረር ነበረ፤ ኳስ ደግሞ አታሞግስም፣ አትዋሽምም።

በ1940 መጋቢት ወር በሰሜን ካሮላይና ግዛት በፓይንኸርስት ብቻውን ተወዳድሮ የመጀመሪያውን የሙያ ድል አገኘ። ወዲያውኑም በግሪንስቦሮና በአሽቪል ደገመ፣ ሠለሰም። አሥር ዓመት ያልተከፈተ በር በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተከፈተ። በ1940፣ በ1941ና በ1942 ከአሜሪካ ባለሙያ ተጫዋቾች ሁሉ ከፍተኛውን የሽልማት ገንዘብ ያገኘ እርሱ ነበር። ከ1943 ጀምሮም ጦርነቱ እስኪያበቃ በአገሩ የጦር አየር ኃይል አገለገለ።

ይሁንና ሁክ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ብርቱ ትግል በሚጠይቅ ሰዓት ብቅ ይል ነበር። ሁክን ብቻ ማጥፋት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነው፤ ኳሷን ወደ ቀኝ የሚያሳጥፍ አመታት መምረጥ ይበቃል። እንዲህ ያለው መፍትሔ ግን ርቀት ይቀንሳል፤ ርቀት ደግሞ ለትንሽ ሰውነት ባለቤት የሚተርፍ ሀብት አይደለም። ሆጋን የፈለገው ጕልበቱን ሳይቀንስ ጉድለቱን ማስወገድ ነበር። በ1946 ገደማ መልሱን አገኘ። የግራ አውራ ጣቱን ጥቂት ወደ ግራ አዛውሮ በዱላው ዘንግ አናት ላይ አስቀመጠው። ዱላው ከኋላ ከፍታው ላይ ሲደርስም የግራ እጁን አንጓ ወደ እጁ ጀርባ ወገን ጥቂት አጠፈው። እነዚህ ሁለት ጥቃቅን ለውጦች የዱላውን ፊት አስቀድመው ስለሚከፍቱት፣ ሆጋን ምንም ያህል በኃይል ቢሰነዝር ፊቱ ከልክ በላይ ሊዘጋ አልቻለም። ይህን ምስጢር ለሕዝብ የገለጸው በ1955 ላይፍ በተባለው መጽሔት ነው።

ውጤቱ ብዙ አልዘገየም። በ1946 የባለሙያ ተጫዋቾችን ሻምፒዮና፣ በ1948 ደግሞ ያንኑ ሻምፒዮናና የአሜሪካን ክፍት ውድድር አሸነፈ። በክፍት ውድድሩ ያስመዘገበው 276 ምት በጊዜው አዲስ ክብረ ወሰን ነበር።

በዚህ ከፍታ ላይ ሳለ፣ በ1949 የካቲት 2 ቀን፣ ከባለቤቱ ጋር መኪና እየነዳ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በቴክሳስ ቫን ሆርን አጠገብ ጭጋግ በሸፈነው መንገድ አንድ አውቶቡስ ሌላ መኪና ሊቀድም ወጥቶ ፊት ለፊት ገጨው። ሆጋን ባለቤቱን ለማዳን ራሱን በላይዋ ወረወረ። የመሪው ዘንግ እርሱ ይቀመጥበት የነበረውን ወንበር በስቶ ስላለፈ፣ ለእርሷ ብሎ ያደረገው እርሱንም አዳነው። የዳሌው አጥንት በሁለት ቦታ ተሰበረ፤ የአንገት ማንገቻ አጥንቱ፣ የግራ ቍርጭምጭሚቱና አንድ የጎን አጥንቱም እንዲሁ። በሆስፒታል ሳለ ደም በሥሮቹ ውስጥ እየረጋ ሕይወቱን ስላሰጋው፣ አልተን ኦክስነር የተባሉ ዕውቅ ሐኪም ከኒው ኦርሊንስ መጥተው ከእግር ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ዋና ሥር በቀዶ ሕክምና አሰሩት። ሕይወቱ ተረፈ፤ የእግሮቹ የደም ዝውውር ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

እንደገና መራመድ መቻሉ ያጠራጥር የነበረው ሰው በ1950 ጥር ወር ሎስ አንጀለስ ላይ ተወዳደረ፤ ከሳም ስኒድ ጋር እኩል ወጥቶ በተጨማሪው ጨዋታ ተሸነፈ። በሰኔ ወር፣ አደጋው ከደረሰ 16 ወር ገደማ በኋላ፣ በፔንሲልቬንያ በሜሪየን ሜዳ የአሜሪካ ክፍት ውድድር ተካሄደ። በዚያን ጊዜ ደንብ በመጨረሻው ቀን 36 ቀዳዳ፣ ማለትም የሁለት ቀን ጕዞ በአንድ ቀን ይጫወቱ ነበር። ሆጋን እግሮቹን በሙቅ ውሃ ነክሮ፣ ከቍርጭምጭሚቱ እስከ ጭኑ በፋሻ ጠቅልሎ ወጣ። ወደ ማብቂያው መቆም እስኪያቅተው ድረስ ቢደክምም፣ በመጨረሻው ቀዳዳ ከሁሉ ለመምታት በሚያስቸግረው ረጅም የብረት ዱላ ኳሷን ከሩቅ አነጣጥሮ በቀዳዳው ዙሪያ ካለው ለስላሳ ሣር ላይ አሳረፋት። ከሎይድ ማንግረምና ከጆርጅ ፋዚዮ ጋር እኩል ወጣ፤ በማግሥቱም 69 ምት አስመዝግቦ ሁለቱንም አሸነፈ። እግሩ በከዳው ሰዓት ያልከዳው በዓመታት ልምምድ የታረመው አሰነዛዘሩ ነበር።

እግሩ ብዙ ስለማያስኬደው በ1953 በስድስት ውድድሮች ብቻ ተካፍሎ አምስቱን አሸነፈ። ከነዚህም ሦስቱ በአንድ ዓመት ያገኛቸው ታላላቅ ውድድሮች ናቸው፤ እነርሱም የማስተርስ ውድድር፣ የአሜሪካ ክፍትና በስኮትላንድ በካርኑስቲ የተደረገው የብሪታንያ ክፍት ውድድር ነበሩ። ሲመለስ የኒው ዮርክ ሕዝብ በአደባባይ ሰልፍ ተቀበለው። በሕይወት ዘመኑ ያሸነፋቸው ታላላቅ ውድድሮች 9 ናቸው።

በ1957 ሆጋን ከጸሐፊው ከኸርበርት ዋረን ዊንድና ከሠዓሊው ከአንቶኒ ራቪዬሊ ጋር በመሆን ያወቀውን በአምስት ትምህርት ከፍሎ በመጽሐፍ አወጣ። ብዙዎች የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች ሁሉ እዚያ ተዘርዝረዋል። የመጀመሪያው ትምህርት ስለ አያያዝ ነው። ሰው ዱላውን በቀኝ መዳፉ ጨብጦ ያፍነዋል፤ ሆጋን ግን ቀኝ እጅ እጀታውን በጣቶች መያዝ እንዳለበት ያስተምራል። ሁለተኛው ስለ አቋቋም ነው። የቀኝ እግር ለኳሷ መስመር ቀጥ ብሎ፣ የግራው ጥቂት ወደ ውጭ ዞሮ፣ ጕልበት መቀመጥ እንደ ጀመረ ሰው መለመጥ አለበት። ሦስተኛው ዱላውን ወደ ኋላ ስለ ማንሣት ነው። ሆጋን ከኳሷ ተነሥቶ በተጫዋቹ ትከሻ ላይ ያረፈ ሰፊ መስተዋት እንዲታሰብ ያደርጋል፤ ክንድ መስተዋቱን በስቶ ከወጣ አሰነዛዘሩ ተበላሽቷል። አራተኛው ወደ ታች ስለ መሰንዘር ሲሆን፣ ከሁሉ የበዛው ስሕተት ያለው እዚህ ነው። አብዛኛው ሰው በትከሻውና በእጁ ይጀምራል፤ ከዚህም የተነሣ ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ ኳሷን ቈርጦ ያልፋል፣ ስላይስም ይወለዳል። በሆጋን ትምህርት መጀመሪያ የሚዞረው ዳሌ ነው፤ ትከሻ፣ ክንድና እጅ በተራ ይከተሉታል። አምስተኛው ትምህርት የሁሉም ማጠቃለያ ነው።

መጽሐፉ ዛሬም ድረስ ይነበባል፤ ነገር ግን በአንባቢዎቹ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ደርሷል። ሆጋን ያስተማረው አያያዝ ለሁክ መድኃኒት የሆነ አያያዝ ነው። ከአንባቢዎቹ አብዛኞቹ ግን ሕመማቸው ስላይስ ነበር። የዱላቸው ፊት አስቀድሞ የተከፈተባቸው ሰዎች ይበልጥ የሚከፍተውን አያያዝ ሲይዙ፣ ኳሳቸው ከበፊቱ ይልቅ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ብዙ የጎልፍ መምህራን ይህን አስተውለው፣ ለስላይስ በሽተኛ የግራ እጁን መልሶ ጥቂት ወደ ቀኝ እንዲያዞር ይመክራሉ፤ ይህም ሆጋን የጣለው ያ የልጅነት አያያዝ መሆኑ ነው። ለአንዱ በሽታ የሆነው ለሌላው መድኃኒት ሆነ። ከሆጋን መወረስ የነበረበት የአውራ ጣቱ አቀማመጥ ሳይሆን፣ ወደዚያ ያደረሰው ምርመራ ነበር።

የእኛም የሙያ ፈተና ከዚህ አይርቅም። በአንድ አፈር ላይ የጸና መሠረት በሌላ አፈር ላይ ሕንፃ ይሰነጥቃል፤ ለአንድ አገር የአየር ጠባይ የተበጀ ዝርዝር መግለጫ በሌላው ያለ ምርመራ ሲገለበጥ ጉዳት ያመጣል። ስንጥቅን በልስን መሸፈን ምልክቱን እንጂ ምክንያቱን አያስወግድም፤ የጐረቤትን ፍቱን መድኃኒት ያለ ምርመራ መቅዳትም አዲስ ምክንያት ይወልዳል። በጎልፍ ሜዳ የዚህ ዋጋ የጠፋች ኳስ ናት። በእኛ ሥራ ግን ከጣሪያው ሥር የሚተኛ ቤተሰብ፣ በድልድዩ ላይ የሚያልፍ መንገደኛ አለ።

ሆጋን ይህን ጥንቃቄ ወደ ፋብሪካም ይዞት ገብቷል። በ1953 በፎርት ዎርዝ በስሙ የሚጠራ የጎልፍ ዱላ ማምረቻ አቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ዱላዎች ተሠርተው ሲቀርቡለት መርምሮ እንደሚፈለገው አለመሆናቸውን አየ። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ቢሆኑም፣ ባለ አክሲዮኖቹም ቅር ቢሰኙም፣ ስሙ ተጽፎባቸው እንዳይሸጡ ከልክሎ እንዲወገዱ አደረገ። ከዚያ በኋላ በጥንቃቄ የተሠሩት ዱላዎች በ1955 ባለቤታቸውን ራሱን ድል ነሡት፤ በዚያ ዓመት የአሜሪካ ክፍት ውድድር ብዙም የማይታወቀው ጃክ ፍሌክ በተጨማሪው ጨዋታ ሆጋንን ያሸነፈው የሆጋን ፋብሪካ በሠራቸው ዱላዎች ነበርና። ፋብሪካው በ1960 ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ።

ሆጋን ሁሉን አላረመም። ዕድሜው ሲገፋ ኳሷን በአጭር ርቀት ወደ ቀዳዳው የማንከባለል ችሎታው ከዳው። እጁ ዱላውን ይዞ ይደርቅ ጀመር፤ ሩቁን ቦታ በጥቂት ስንዝር ልዩነት የሚያገኝ ሰው፣ አንድ ሜትር የማትሞላውን ርቀት ይስት ነበር። በ1956 የአሜሪካ ክፍት ውድድር ማብቂያ ላይ እንዲህ ያለች አጭር ምት ስቶ በአንድ ምት ልዩነት ተሸነፈ። ረጅሙን አሰነዛዘር ፈታትቶ የገጣጠመው ያ ዘዴ ለዚህ ለትንሹ ምት መልስ አላገኘለትም። ይህም ቢሆን ታላቅነቱን አይቀንስም፤ ጥሩ ዘዴ የጠየቁትን ሁሉ እንደማይመልስ ግን ያስታውሰናል።

ቤን ሆጋን በ1997 ሐምሌ 25 ቀን፣ ጋዜጣ በሸጠባትና ዱላ በተሸከመባት በፎርት ዎርዝ ከተማ፣ በ84 ዓመቱ ዐረፈ። የሠራቸውን ክብረ ወሰኖች ሌሎች ከጊዜ በኋላ ሰብረዋቸዋል፤ ክብረ ወሰን የሚሠራው ለመሰበር ነው። የዱላው ፊት በምት ጊዜ ለምን እንደሚዘጋ በራሱ እጅ ላይ መርምሮ ያገኘው መልስ ግን እስከ ዛሬ በጎልፍ ሜዳዎች ይጠናል፤ ምስጢሩንም የሚጠቀምበት፣ ከመቅዳቱ አስቀድሞ የራሱን ኳስ አበራረር የሚመለከተው ተማሪ ነው።